ቀን የተቆረጠለት ደብዳቤ፦ ተቆጣጣሪ አካላት ሕግን በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የሚያስከብሩበት መንገድ

እ.ኤ.አ. በ1963 በደቡብ ዌልስ አንድ የማዘጋጃ ቤት መሐንዲስ ያሳሰበውን አደጋ ገልጾ ደብዳቤ ጻፈ። አበርፋን ከተባለችው የማዕድን ሠራተኞች መንደር በላይ፣ በተራራው ተዳፋት ላይ፣ ከከሰል ማዕድኑ የሚወጣው ዝቃጭ ለዓመታት ሲከመር ኖሯል። ከክምሩ በታች የፓንትግላስ ትምህርት ቤት ነበር። ክምሩ ቢናድ ሊደርስ የሚችለውን አደጋ የሚያነሣው ጉዳይ በማዘጋጃ ቤቱና ማዕድኑን በሚያስተዳድረው ብሔራዊ የከሰል ቦርድ መካከል በደብዳቤ ተመላለሰ። ተጻፈ፣ ተነበበ፣ መልስም ተሰጠበት። ዝቃጩ ግን መከመሩን አላቆመም።

ጥቅምት 21 ቀን 1966 ከጠዋቱ 3፡15 ገደማ፣ ልጆቹ ገና ክፍላቸው እንደገቡ፣ ሰባተኛው ክምር ተንዶ ትምህርት ቤቱንና በዙሪያው ያሉትን ቤቶች ዋጠ። በአደጋው 144 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህ ውስጥ 116ቱ ሕፃናት ነበሩ።

አደጋውን እንዲያጣራ የተሰየመው ጉባኤ በ1967 ባወጣው ሪፖርት ኃላፊነቱን በከሰል ቦርዱ ላይ ጣለ። ከግኝቶቹ አንዱ ለዚህ ጽሑፍ ርእሰ ጉዳይ መነሻ ይሆናል፤ ስለ ዝቃጭ ክምር ደኅንነት የሚደነግግ ሕግ በጊዜው አልነበረም። እንግዲህ የመሐንዲሱ ደብዳቤ የሚደገፍበት ድንጋጌ፣ «እስከዚህ ቀን አስተካክል» የሚል የጊዜ ገደብ፣ ባይፈጸም የሚከተል ቅጣትም አልነበረውም። ስጋትን የሚገልጽ ወረቀት ነበር እንጂ ግዴታን የሚፈጥር ወረቀት አልነበረም።

በእነዚህ በሁለቱ ወረቀቶች መካከል ያለው ልዩነት ዛሬ በብዙ አገሮች የቁጥጥር ሥራ መሠረት ሆኗል። የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪዎች፣ የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣናት፣ የደመወዝ ክፍያን የሚከታተሉ ሚኒስቴሮች ሕግ ተላልፏል ብለው የሚያምኑትን ወገን ሁሉ በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት አያቀርቡም። በቅድሚያ መደበኛ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣሉ። ይህ ማስጠንቀቂያ ምን ኃይል አለው? ኃይሉንስ ከየት ያገኛል?

ብሪታንያ ከአበርፋን በኋላ የሄደችበት መንገድ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1969 የማዕድን ዝቃጭ ክምሮችን ደኅንነት የሚመለከት ሕግ ወጣ። በ1970 ደግሞ የሥራ ቦታ ደኅንነትንና ጤንነትን ሕግጋት በጠቅላላው የሚመረምር ኮሚቴ ተቋቋመ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሎርድ ሮበንስ ነበሩ፤ አደጋው በደረሰበት ጊዜ የከሰል ቦርዱ ሊቀ መንበር የነበሩት ራሳቸው ማለት ነው። ይህ ሹመት በሟቾቹ ወላጆች ዘንድ ምን ስሜት እንደሚያሳድር መገመት አያዳግትም። ሆኖም ኮሚቴው በ1972 ያቀረበው ሪፖርት የቁጥጥርን ሥራ በእጅጉ የለወጠ ሰነድ ነው። እስከዚያ ድረስ ተቆጣጣሪው በዋናነት ሁለት አማራጮች ነበሩት፤ መምከር ወይም መክሰስ። ምክር ሊናቅ ይችላል። ክስ ደግሞ ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል፤ ውሳኔው በሚሰጥበት ጊዜ አደጋው አስቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ኮሚቴው በእነዚህ በሁለቱ መካከል የነበረውን ክፍተት የሚሞላ መሣሪያ ለተቆጣጣሪው እንዲሰጠው ሐሳብ አቀረበ። በ1974 የወጣው የሥራ ጤንነትና ደኅንነት ሕግ ይህንኑ ሐሳብ ተቀበለ።

ሕጉ ለተቆጣጣሪው ሁለት ዓይነት ማስጠንቀቂያ ሰጠው። የመጀመሪያው የእርምት ማስጠንቀቂያ ሊባል ይችላል። ተቆጣጣሪው አንድ ድርጅት ሕግ እየጣሰ ነው፣ ወይም ጥሶ ነበርና ሊደግመው ይችላል ብሎ ሲያምን የሚጽፈው ነው። በጽሑፉ ላይ ተጣሰ የሚለውን ድንጋጌ መጥቀስ፣ ይህን እምነት ያሳደረበትን ምክንያት መዘርዘርና ጉድለቱ የሚታረምበትን የመጨረሻ ቀን መወሰን አለበት። ሁለተኛው የእግድ ትእዛዝ ነው። አንድ ሥራ በሰው አካል ላይ ከባድ ጉዳት የማድረስ ስጋት ካለው ተቆጣጣሪው ያንኑ ሥራ ያስቆማል። አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ትእዛዙ ወዲያውኑ ተፈጻሚ እንዲሆን ያደርጋል። ለእግዱ ሕግ መጣሱን ማሳየት እንኳ ግድ አይደለም፤ ስጋቱ መኖሩ በቂ ነው።

ሁለቱም የፍርድ ቤት ማኅተም ሳያስፈልጋቸው በተቆጣጣሪው ፊርማ ይጸናሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማስጠንቀቂያውን አለመፈጸም በራሱ ወንጀል ነው። ይህ ነጥብ ቆም ብሎ ማሰብን ይጠይቃል። የሥራ ደኅንነት ሕግ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው በጥቅሉ ነው። አሠሪው «በተቻለ መጠን» ሠራተኛውን ከአደጋ ይጠብቅ ይላል። የሚቻለው እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ጠበቆች ለዓመታት ሊከራከሩበት ይችላሉ። ማስጠንቀቂያው ከደረሰ በኋላ ግን ጥያቄው በጣም ያጥራል። በተባለው ቀን የተባለው ሥራ ተሠርቷል ወይስ አልተሠራም? በጥቅሉ ለሁሉ የተነገረው ሕግ በዚያች ወረቀት ላይ የአንድ ድርጅት ስም፣ የአንድ ጉድለት መግለጫና አንድ ቀን ያገኛል። «አላወቅሁም» የሚለው ምክንያትም ከዚያ ዕለት ጀምሮ ዋጋ ያጣል።

በአማርኛ «ማስጠንቀቂያ» የሚለው ቃል በብዙዎቻችን ጆሮ የሚያሰማው ሌላ ነገር ነው። ሠራተኛ ሲያረፍድ ወይም ሲያጠፋ አለቃው የሚጽፍለት፣ በግል ማኅደሩ ውስጥ የሚቀመጥ ደብዳቤ ማለት ነው። «ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ» የተባለ ሰው ጓዙን መጠቅለል ይጀምራል። እዚህ ላይ የምንናገርለት ማስጠንቀቂያ አቅጣጫው የተገለበጠ ነው፤ ተቀባዩ አሠሪው፣ ድርጅቱ፣ ኩባንያው ነው። የአሠራሩ ሥነ ልቡና ግን ብዙ አይራራቅም። ሁለቱም ያለፈውን ከመቅጣት ይልቅ ቀሪውን ለማስተካከል የተዘጋጁ ናቸው፤ ሁለቱም ነገ ክርክር ቢነሣ ማስረጃ ሆነው ይቀርባሉ።

የማስጠንቀቂያው ዋጋ በአጻጻፉ ጥራት ይወሰናል። «የሥራ ቦታችሁን ደኅንነት አሻሽሉ» የሚል ወረቀት ለተቀባዩ ምንም አይነግረውም፤ ለዳኛውም ምንም አያስረዳም። «በሦስተኛው ፎቅ በምሥራቅ በኩል ያለው ስካፎልዲንግ ሰው እንዳይወድቅ የሚከላከል አግዳሚ የለውም፤ እስከዚህ ቀን ድረስ ይገጠምለት፤ እስኪገጠምም ማንም አይውጣበት» የሚለው ግን የግንባታው ኃላፊ አንብቦ ወዲያው ሰው ሊያሰማራበት የሚችል ትእዛዝ ነው። ልምድ ያለው ተቆጣጣሪ ጉድለቱን ያየ ሰው ሁሉ በዚያው ወረቀት ይዞ ሄዶ ሊያገኘው በሚችል መልኩ ይጽፋል። የጊዜ ገደቡም ቢሆን በዘፈቀደ የሚቆረጥ አይደለም። በጣም ካጠረ የማይፈጸም ትእዛዝ ይሆናል፤ በጣም ከረዘመ አደጋው ይቀድመዋል። በብሪታንያ ሕግ የእርምት ማስጠንቀቂያ የጊዜ ገደብ ይግባኝ ከሚጠየቅበት ጊዜ ሊያጥር አይችልም፤ ይህም 21 ቀን ነው።

ይግባኝ ማለት መቻሉ የአሠራሩ ሌላው ዐምድ ነው። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በፊርማው የአንድን ትልቅ ኩባንያ ሥራ ሊያስቆም ከቻለ፣ ውሳኔውን የሚመረምር ገለልተኛ አካል ሊኖር ይገባል። በብሪታንያ ይህን የሚያየው የሥራ ክርክር ሰሚ ችሎት ነው። የእርምት ማስጠንቀቂያ ይግባኝ ሲጠየቅበት ለጊዜው ይታገዳል። የእግድ ትእዛዝ ግን ችሎቱ ካላዘዘ በስተቀር ይግባኙ እስኪታይ ድረስ እንደጸና ይቆያል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ክርክር እየተካሄደ ሰው እንዳይሞት ነው።

ይህ ሥርዓት በተግባር እንዴት እንደሚፈተን በሰሜን ባሕር ላይ የተከሰተ አንድ ጉዳይ ያሳያል። በ2013 ተቆጣጣሪዎች «ካፕቴን» ወደተባለውና የሼቭሮን ኩባንያ ወደሚያስተዳድረው የባሕር ላይ ነዳጅ ማውጫ ሄዱ። ወደ ሄሊኮፕተር ማረፊያው የሚያደርሱት የብረት ደረጃዎች ዝገት በልቷቸው አገኟቸው። በነዳጅ ማውጫ ላይ ወደ ሄሊኮፕተር የሚወስድ መንገድ በችግር ጊዜ ማምለጫ ነውና ነገሩ ቀላል አልነበረም። ሰው ብረቱን ጥሶ ሊወድቅ ይችላል ብለው በማመን የእግድ ትእዛዝ ጻፉ። ኩባንያው ይግባኝ ጠየቀ፤ ብረቱንም አስነቅሎ ወደ ፍተሻ ላከ። የፍተሻው ውጤት የመጣው ትእዛዙ ከተጻፈ ከወራት በኋላ ሲሆን፣ ብረቱ ከአንድ ቁራጭ በስተቀር የጥንካሬውን መለኪያ እንዳለፈ፣ ሰውም ጥሶት ሊወድቅ እንደማይችል አመለከተ።

አሁን ጥያቄ ተነሣ። ችሎቱ የሚመረምረው ተቆጣጣሪው በዚያች ዕለት የሚያውቀውን ብቻ ነው ወይስ በኋላ የተገኘውንም ማስረጃ? ጉዳዩ ከችሎቱ ወደ ስኮትላንድ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 በሰጠው ውሳኔ በኋላ የተገኘውም ማስረጃ ሊታይ ይገባል አለ። ይህን ሲል ግን ተቆጣጣሪዎቹን አልወቀሰም። ደረጃው ላይ ቆሞ ዝገቱን የሚያይ ሰው የላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ እንዲጠብቅ አይገደድም፤ በዚያች ዕለት ማገዱ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ይሁንና ይግባኙ የሚቀርበው በማስጠንቀቂያው ላይ ነው እንጂ በተቆጣጣሪው ሰውነት ወይም ብቃት ላይ አይደለም። ስጋቱ በእውነት እንዳልነበረ ከተረጋገጠ ማስጠንቀቂያው እንደጸና የሚቆይበት ምክንያት የለም።

በዚህ ጸሐፊ እምነት ውሳኔው ሁለቱንም ወገኖች የጠቀመ ነው። ተቆጣጣሪው ቢሳሳት እንደሚታረም ሲያውቅ በጊዜው ለመወሰን ይደፍራል። ኩባንያውም ያለ ጥፋቱ በመዝገብ ላይ እንዳይቀር የሚሟገትበት በር ያገኛል። መዝገቡ ደግሞ ተራ ነገር አይደለም። በብሪታንያ በ1988 በወጣ ሕግ መሠረት እንዲህ ያሉ ማስጠንቀቂያዎች ለሕዝብ ክፍት በሆነ መዝገብ ይያዛሉ፤ ሥራ ሊሰጠው ያሰበ ደንበኛም ሆነ ሊቀጠርበት ያሰበ ሠራተኛ ገልጦ ሊያነበው ይችላል። ለብዙ ኩባንያዎች ከገንዘብ ቅጣቱ ይልቅ ይህ ያስፈራል።

ማስጠንቀቅ የተቆጣጣሪው ግዴታ ነው ተብሎ እንዳይታሰብ ግን አንድ ነገር መጨመር ያሻል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1947 ያወጣው ስለ ሥራ ሁኔታ ቁጥጥር የሚደነግገው ስምምነት ቁጥር 81 ሕግን የሚጥስ ሁሉ ያለ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሊከሰስ እንደሚችል ይገልጻል። ጥቂት ልዩ ሁኔታዎችን ይፈቅዳል፤ ከመክሰስ ይልቅ ማስጠንቀቅ ወይም መምከር ይሻል እንደሆነ የመወሰኑን ሥልጣን ግን ለተቆጣጣሪው ይተዋል። ይኸው ስምምነት ተቆጣጣሪው ጉድለት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲታረም፣ አደጋው በደጅ ያለ እንደሆነም እርምጃው ወዲያውኑ እንዲወሰድ ማዘዝ ወይም እንዲታዘዝ ማድረግ እንደሚችል ይደነግጋል። የብሪታንያው ሁለት ዓይነት ማስጠንቀቂያ ከዚህ ጋር የሚመሳሰለው በአጋጣሚ አይደለም። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም ስምምነቱን በ1982 ተቀብላለች።

መቼ ማስጠንቀቅ፣ መቼ በቀጥታ መቅጣት እንደሚገባ በኤምሬቶች አሠራር ውስጥ ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። በበጋው ሙቀት፣ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15፣ ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ሰዓት ድረስ በቀጥታ ፀሐይ ሥር በገላጣ ቦታ ማሠራት የተከለከለ ነው። ይህን የጣሰ አሠሪ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ 5,000 ድርሃም፣ ሠራተኞቹ ብዙ ከሆኑ እስከ 50,000 ድርሃም ይቀጣል። እዚህ ላይ «በሁለት ሳምንት ውስጥ አስተካክል» የሚል ደብዳቤ ትርጉም አይኖረውም። ሙቀቱ ሠራተኛውን የሚጥለው በዚያው ቀትር ነው፤ የተከለከለውም ሰዓት አስቀድሞ ለሁሉ የታወቀ ነው።

ደመወዝ ሲዘገይ ግን መንገዱ የተለየ ነው። አንድ አሠሪ የባንክ ችግር ገጥሞት፣ የሒሳብ ሠራተኛው ተሳስቶ ወይም ሆን ብሎ ሊያዘገይ ይችላል። ከውጭ የሚያይ አካል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይህን ለይቶ ማወቅ አይችልም። በ2009 የተጀመረው የደመወዝ ጥበቃ ሥርዓት ክፍያዎች በባንኮችና ፈቃድ ባላቸው የገንዘብ ተቋማት በኩል እንዲያልፉ በማድረጉ፣ የሰው ኃይልና ኤምሬታይዜሽን ሚኒስቴር ማን እንደከፈለና ማን እንዳልከፈለ ሠራተኛው ሳይናገር ያያል። በ2022 በወጣው የሚኒስትሩ ውሳኔ መሠረት የክፍያው ቀን ባለፈ በሦስተኛውና በአሥረኛው ቀን ለድርጅቱ ማሳሰቢያ ይላካል። ውሉ ያነሰ ጊዜ ካልወሰነ በስተቀር 15 ቀን ያለፈው አሠሪ እንደዘገየ ይቆጠራል። ከ17ኛው ቀን በኋላ ደግሞ አዲስ የሥራ ፈቃድ የማግኘት እገዳ ሊከተል ይችላል። መዘግየቱ ሲቀጥል፣ በተለይ በትልልቅ ድርጅቶች ላይ፣ ጉዳዩ ወደ ዐቃቤ ሕግ እስከ መመራት ይደርሳል።

ከብሪታንያው ተቆጣጣሪ ጋር ስናነጻጽረው የአሠራሩ መንፈስ ያው ነው፤ ስልቱ ግን ተለውጧል። እዚህ ማስጠንቀቂያውን የሚያስነሣው የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት የሚቆጥረው ቀን ነው፤ ስካፎልዲንግ ላይ የሚወጣ ሰው አያስፈልግም። ጥቅሙ ለሁሉም እኩል መሆኑ ነው፤ ትልቁን ኩባንያ አይፈራም፣ ትንሹንም አይረሳም። ጉድለቱ ደግሞ የሚያየው ወደ ሥርዓቱ የገባውን ቁጥር ብቻ መሆኑ ነው። ደመወዙ በባንክ ገብቶ ከሠራተኛው እጅ ተመልሶ ቢወሰድ ቁጥሩ አይናገርም። ያንን ሊናገር የሚችለው ሠራተኛው ብቻ ነው።

የማስጠንቀቂያ ጉልበት የሚለካው ከጀርባው ባለው ነገር ነው ስንል የፈቃዱ እገዳ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ሠራተኛ ማስመጣት የሚፈልግ ድርጅት ከሚኒስቴሩ ፈቃድ ውጭ መንቀሳቀስ አይችልምና ማሳሰቢያውን ችላ ማለት ያስከፍለዋል። ተቆጣጣሪው ተቀባዩ የሚፈልገውን አንዳች ነገር በእጁ ባልያዘ ጊዜ የሚሆነውን ለማየት ከሥራ ቦታ ወጣ ብለን የግል መረጃ ጥበቃን ጉዳይ እንመልከት። የፈረንሳይ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽን በኅዳር 2021 ክሊርቪው ኤአይ ለተባለ የአሜሪካ ኩባንያ መደበኛ ማስጠንቀቂያ ሰጠ። ኩባንያው ከኢንተርኔት የሰዎችን ፎቶግራፍ እየሰበሰበ ፊትን የሚለይ ሥርዓት የገነባ ነው። ኮሚሽኑ በፈረንሳይ ያሉ ሰዎችን መረጃ ያለ ሕጋዊ መሠረት መሰብሰቡን እንዲያቆምና የሰበሰበውን እንዲያጠፋ የሁለት ወር ጊዜ ሰጠው። ከኩባንያው መልስ አልመጣም። በጥቅምት 2022 የ20 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ተወሰነበት፤ ትእዛዙን ሳይፈጽም ለሚያሳልፈው ለእያንዳንዱ ቀንም 100,000 ዩሮ እንዲታሰብበት ተባለ። በ2023 ባለመፈጸሙ ሌላ 5.2 ሚሊዮን ዩሮ ተጨመረበት።

በወረቀት ላይ ሲታይ ሁሉም በሥርዓቱ ሄዷል፤ ማስጠንቀቂያው፣ የጊዜ ገደቡ፣ ቅጣቱ፣ የቅጣቱ ቅጣት። ነገር ግን ኩባንያው በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ጽሕፈት ቤት የለውም። የሚታገድ ፈቃድ የለም፣ በሩ ላይ ማኅተም የሚለጠፍበት ቢሮም የለም። ቁጥሩ እየጨመረ ሄዶ ማስፈጸሙ ግን ሌላ ጥያቄ ሆኖ ቀረ። ስለ ቁጥጥር በ1992 የታወቀ መጽሐፍ የጻፉት ኢያን ኤርስና ጆን ብሬዝዌት የቁጥጥርን እርምጃዎች በፒራሚድ ይመስሏቸዋል። ከታች ሰፊው ክፍል ማግባባትና ማስጠንቀቅ ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣ ቅጣቱ ይከብዳል፣ የሚጠቀሙበትም ጊዜ ያንሳል። ታችኛው ክፍል የሚሠራው ግን ጫፉ በእርግጥ መኖሩን ሁሉም ሲያምን ነው።

በኢትዮጵያም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ተመሳሳይ መንገድ ዘርግቷል። ተቆጣጣሪው የሠራተኞችን ጤንነትና ደኅንነት አደጋ ላይ የሚጥል ሁኔታ ሲያገኝ አሠሪው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲያስተካክል ያሳስባል፤ አሠሪው ካልፈጸመ ትእዛዝ ይሰጣል። በትእዛዙ ቅር የተሰኘ አሠሪ ወደ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። በኢንዱስትሪ ፓርኮችና በግንባታ ቦታዎች ለሚሠራ ሰው ይህን ማወቅ ትርፍ እውቀት አይደለም። በቃል የቀረበ አቤቱታ ወደ ጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሊያድግ የሚችለው ተቆጣጣሪው ጉድለቱን በቦታው ሲመለከትና ሲመዘግብ ነውና።

ሁሉም የሥራ ቦታ ግን ለተቆጣጣሪ በሩን በአንድ ዓይነት አይከፍትም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ የቤት ውስጥ ሠራተኞች ናቸው። የእነርሱ የሥራ ቦታ የሌላ ሰው መኖሪያ ነው። በኤምሬቶች በ2022 የወጣው የቤት ውስጥ ሠራተኞች ሕግ ደመወዝ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ፣ ከመክፈያው ቀን ጀምሮ በ10 ቀን ውስጥ እንዲከፈል ያዝዛል። ይሁን እንጂ ተቆጣጣሪ ወደ መኖሪያ ቤት የሚገባው በባለቤቱ ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱ ከሌለ ከዐቃቤ ሕግ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ይህም አቤቱታ ሲቀርብ ወይም ጥሰት መኖሩን የሚያሳይ በቂ ምልክት ሲገኝ ነው። የመኖሪያ ቤት ክብር የሚጠበቅበት ምክንያት አለው። ውጤቱ ግን ፋብሪካ ውስጥ ተቆጣጣሪው ራሱ መጥቶ የሚጀምረውን ነገር ቤት ውስጥ የምትሠራ እኅት ራሷ መጀመር አለባት ማለት ነው።

የእርስዋ አቤቱታ ወደ ሚኒስቴሩ ሲደርስ በቅድሚያ ሁለቱ ወገኖች እንዲስማሙ ይሞከራል። በ2023 በተደረገው ማሻሻያ መሠረት ደግሞ የክርክሩ ገንዘብ ከ50,000 ድርሃም ካልበለጠ ሚኒስቴሩ ራሱ ሊወስን ይችላል፤ ያልተስማማ ወገን ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ይወስዳል። ለወር ደመወዝ ክርክር ይህ መጠን ብዙውን ጉዳይ ይሸፍናል። በዚህ ሂደት ላይ አቤቱታ ተቀባዩ የሚጠይቃት የመጀመሪያ ጥያቄዎች ተቆጣጣሪው በማስጠንቀቂያው ላይ ከሚጽፋቸው ጋር አንድ ናቸው። ማን ነው ያልከፈለው? ስንት ነው? የትኛው ወር ነው? በውሉ መሠረት መክፈያው ቀን መቼ ነበር? የውሉን ቅጂ በስልኳ ፎቶ አንሥታ የያዘች፣ የተቀበለችበትንና ያልተቀበለችበትን ቀን በትንሽ ደብተር የጻፈች ሠራተኛ መልሱን በአንድ ጊዜ ትሰጣለች።